መዳኑ ሳይታይ መታመን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከሐዋሳ የደረሱንን ሁለት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ሁለቱም የሚጠይቁት ነገ ምን እንደሚሆን በማይታወቅበት ጊዜ በእግዚአብሔር መታመን ምን ማለት እንደሆነ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ነገር ስለሚያነሣ ሰፊውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ በኪራይ ቤት ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በስፌት ሥራ ለዓመታት ቆይቻለሁ፤ ፋብሪካው ትእዛዝ አነሰኝ ብሎ ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ከተሰናበቱት አንዷ ሆንሁ። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ለባለንብረቱ የዕለቱን ገቢ አስረክቦ የሚተርፈው ገንዘብ አንዳንድ ቀን ለአስቤዛ እንኳ አይበቃም።

«ጠዋት ጠዋት ቅዱስ ገብርኤል ሄጄ ኪዳን አስደርሳለሁ፤ በዚያ ሰዓት ልቤ ያርፋል። ሌሊት ግን እንቅልፍ የለኝም። የቤት ኪራዩና የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ በሐሳቤ ይመላለሳል፤ ልቤ በኃይል ይመታል፤ ምን በድዬ ይሆን እላለሁ። ይህ የእምነቴ ማነስ ነው ወይ? ለባለቤቴ ስነግረው ‹እግዚአብሔር ያውቃል፤ የፈጠረውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም› ይለኛል፤ ተቀምጠን እንመካከር ስለው ደግሞ እንደ አለማመን ይቆጥርብኛል። በዚህ መሀል ጎረቤቴ ጸሎት ወደሚያደርጉ አንዲት እናት ወሰደችኝ። እርሳቸውም ‹አውሮፕላን አይቼልሻለሁ፤ በሩ ተከፍቷል› አሉኝ። በሳምንቱ አንድ ደላላ ዐረብ አገር ልላክሽ ብሎ መጣ። ሰው ሁሉ የተነገረሽ ይኸው ደረሰ ይለኛል። ልጆቼ የሰባትና የአራት ዓመት ናቸው። የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን በምን ልወቅ? ብቀርስ የተከፈተልኝን በር በገዛ እጄ የዘጋሁ እሆናለሁ?»

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣ በመጀመሪያ «ምን በድዬ ይሆን» የሚለው ሐሳብ ከልብዎ እንዲወርድ እንለምንዎታለን። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሲመረቅ ዋና ዓላማው ልብስና ጨርቃ ጨርቅ አምርቶ ለውጭ ገበያ ማቅረብ ነበር። አሜሪካ አጎአ በተባለው ለአፍሪካ አገሮች ባወጣችው የንግድ ሕግ በኩል ለኢትዮጵያ ትሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስታቋርጥ የብዙ ፋብሪካዎች ትእዛዝ ተናጋ፤ እንደ እርስዎ ያሉ ብዙ እኅቶችም እንጀራቸውን አጡ። ይህ ውሳኔ የተሰጠው የእርስዎ ትጋትም ሆነ ስንፍና፣ ጾምዎም ሆነ ኃጢአትዎ ባልተቆጠረበት ስፍራ ነው። ንስሐ ለሁላችንም የዘወትር ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን የገበያን መናጋት የእግዚአብሔር ቁጣ አድርጎ በራስ ላይ መተርጐም ንስሐ አይደለም፤ በደከመች ነፍስ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ። ፍርሃት የእምነት ማነስ ምልክት ነው ወይ ላሉት፣ መልሱን እርስዎ ጠዋት ጠዋት ከሚሄዱበት ደብር ሳንወጣ እናገኘዋለን። ሐምሌ 19 ቀን ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ምእመናን ወደ ሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል የሚጎርፉበት በዓል መታሰቢያነቱ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ ከፈላው የጋን ውኃ የዳኑበት ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ብዙዎቻችን በቶሎ የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ኢየሉጣ የውኃውን ፍላት ስትሰማ ፈርታለች። እናት ናት፤ ሕፃን ልጇን ይዛለች፤ ልቧ ራደ። ያጸናትና የጸለየላት ሕፃኑ ነበረ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ፍርሃት ከታሪኩ አላወጣችውም፤ ኢየሉጣንም ስለ ፈራች ከቅዱሳን ቁጥር አላጎደለቻትም። መልአኩ የመጣው ለፈራችውም እናት፣ ላልፈራውም ልጅ ነው። ስለዚህ በሌሊት ልብዎ ሲመታ «ከእምነት ወጣሁ» አይበሉ። ፍርሃት በሥጋ ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ የሚያሳስበው ፍርሃቱ ከመጣ በኋላ ወዴት ይወስደናል የሚለው ነው።

ነቢዩ ኤልያስም በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ካወረደ በኋላ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለምኗል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 እንደምናነበው እግዚአብሔር በዚያች ሰዓት አልገሠጸውም፤ አስተኛው፤ መልአክ ልኮም እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ተነሥቶ እንዲበላ ሁለት ጊዜ ቀሰቀሰው። ትምህርቱ የመጣው ከእንቅልፍና ከምግብ በኋላ ነው። እርስዎም የልጆችዎን ድርሻ እያበዙ የራስዎን የሚቀንሱ ከሆነ ይህን ያስቡበት፤ እንቅልፍ ማጣቱና የልብ ምቱ ከቀጠለም ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። ወንጌሉን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበረና ወደ ሐኪም መሄድ ከጸሎት መራቅ አይደለም።

ሌሊት ሲነቁ የሚጸልዩት ጸሎት የግድ የምስጋና ቃል ብቻ መሆን የለበትም። መዝሙር 12 «አቤቱ፥ እስከ መቼ» ብሎ ይጀምራል፤ ይህንኑ ጥያቄም ደጋግሞ ያቀርባል። ዳዊት የጠየቀውን እርስዎ ለመጠየቅ ሊያፍሩ አይገባም።

የጥያቄው እምብርት ግን እዚህ ላይ ይመስለናል። ብዙዎቻችን በእግዚአብሔር መታመንን «የምፈልገው ነገር በመጨረሻ ይሆናል» ብሎ እርግጠኛ ከመሆን ጋር አንድ አድርገን ተምረናል። የታኅሣሡ የገብርኤል በዓል ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን ንጉሥ ፊት ቆመው የሰጡት መልስ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ተጽፏል፤ አምላካችን ከሚነድደው እቶን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ባያድነንም እንኳ ለምስልህ አንሰግድም ብለው ጨመሩ። ይህን ሲናገሩ እሳቱ ገና እየነደደ ነበር፤ መልአኩም አልታየም። እኛ ታሪኩን ከመጨረሻው ስለምናውቀው መዳናቸውን ቀድመን እናስታውሳለን፤ እነርሱ ግን ወደ እሳቱ የገቡት መጨረሻውን ሳያውቁ ነው። የታመኑት በአንድ ውጤት ላይ ቢሆን ኖሮ «ባያድነንም» የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም ነበር። የታመኑት በእርሱ ነው፤ እሳቱ ቢጠፋም ባይጠፋም የእርሱ መሆናቸው እንደማይለወጥ ነው።

የሕፃኑ ቂርቆስም ነገር እንዲሁ ነው። ሐምሌ 19 ቀን ከፈላው ውኃ የዳነውን ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ጥር 15 ቀን በሰማዕትነት ማረፉን ታስባለች። ያው ሕፃን ነው፤ ያው እምነት ነው፤ ያው አምላክ ነው። በአንደኛው ዳነ፣ በሁለተኛው ተሠዋ። በሐምሌ ተሰማ በጥር ተተወ የሚል ምእመን የለም፤ ሁለቱንም ቀን በእልልታ እናከብራለን። እንግዲህ በራሳችን ሕይወት ላይ የመዳኑን ቀን ብቻ የእግዚአብሔር ቀን አድርገን የምንቆጥረው ስለምንድን ነው? ይህን የምንልዎት ክፉ ነገር እንዲጠብቁ አይደለም። ሥራ እንዲያገኙ፣ ቤትዎ እንዲሞላ አብረን እንጸልያለን። ነገር ግን ልብዎ የሚያርፍበት ቦታ የጸሎትዎ መልስ ሳይሆን ጸሎትዎን የሚሰማው ጌታ ከሆነ፣ መልሱ ሲዘገይ ልብዎ የሚቆምበት መሬት አያጣም።

ስለ ባለቤትዎ ጥቂት እንጨምር። የጠቀሱት አባባል እውነት ነው፤ አባቶቻችን በድርቅና በስደት ኖረውበታል። ባለቤትዎም በመጥፎ ልብ የሚናገሩት አይመስለንም። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ባዶ እጁን የሚገባ ሰው ስለ ኪራይ ሲነሣበት የሚሰማው ኀፍረት ከባድ ነው፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃል ያንን ኀፍረት የሚሸፍንበት ሊሆንም ይችላል። ቃሉ ትክክል ነው፤ ምክክርን ለመዝጋት ሲውል ግን ከተነገረበት ዓላማ ይወጣል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አብራችሁ እንድታነቡት እንመክራለን። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ በዐውሎ ነፋስ ተያዘ፤ ለ14 ቀን ያህል በማዕበል ተንገላቱ። በመርከቡ ላይ 276 ሰዎች ነበሩ። መልአክ ለጳውሎስ ተገልጦ ከእነርሱ አንድም ነፍስ እንደማይጠፋ ነገረው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ተስፋ ከየት ይመጣል? ሆኖም መርከበኞቹ በትንሿ ታንኳ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ጳውሎስ ለመቶ አለቃው እነዚህ በመርከቡ ካልቀሩ ልትድኑ አትችሉም አለው፤ ወታደሮቹም የታንኳዋን ገመድ ቆረጡ። ከዚያም ሰዎቹ ምግብ እንዲቀምሱ ለመናቸው፤ እንጀራ ይዞ በሁሉ ፊት አመስግኖ በላ፤ መርከቡን ለማቅለል ስንዴውን ወደ ባሕር ጣሉት። በመጨረሻ መርከቡ ተሰበረ። ዋና የሚችለው ዋኝቶ፣ የማይችለው በሳንቃና በመርከቡ ስብርባሪ ላይ ሆኖ ሁሉም ወደ ምድር ደረሱ። ተስፋው ተፈጸመ፤ የተፈጸመው ግን ንቁ ሆኖ በመጠበቅ፣ በመብላት፣ ጭነት በማቅለል፣ በመዋኘትና በተሰባበረ ሳንቃ ነው። ጳውሎስ «መልአኩ ነግሮኛልና እተኛለሁ» አላለም፤ ወዲያ ወዲህ ያለው ተስፋውን ስለ ተጠራጠረም አይደለም። ለነገሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ የሚለውን የነቢዩን ቃል ሲጠቅሱ ይህንኑ ይላሉ።

ስለዚህ አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ጸሎት አድርሳችሁ፣ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። የሚመጣውን ዓመት ሁሉ ለማስላት አትሞክሩ፤ የሚቀጥለውን ወር ብቻ ጻፉ። ኪራዩ ስንት ነው? እርግጠኛው ገቢ የትኛው ነው? እቁቡ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? በስፌት ሙያዎ በአካባቢዎ ምን ሊሠራ ይችላል? ጌታችን «ነገ ለራሱ ይጨነቃልና ለነገ አትጨነቁ» ሲል የከለከለው ጭንቀትን ነው፤ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያሰላል ያለውም እርሱ ራሱ ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናሳስብዎት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያና የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል። ስንቱ እንደተከፈለዎ አልጻፉልንም። «ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ» ብለው ካለፉት ሳይዘገዩ በከተማው የሚመለከተውን የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ጳውሎስ ጌታ በሮም እንደሚመሰክር ከነገረው በኋላም ቢሆን ፍርዱ እንዳይዛባ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። መብትን በሰላም መጠየቅ እምነትን አይቃወምም።

የአውሮፕላኑን ራእይ በሚመለከት፣ ስለ ጸለዩልዎ እናት ልብ ልንፈርድ አንችልም፤ አንፈርድምም። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ ብሎ የጻፈውን ግን ልንዘነጋው አይገባም። በኤርምያስ ዘመን ሐናንያ የተባለ ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል ብሎ በእግዚአብሔር ስም ተናገረ፤ ሕዝቡ ሊሰማው የሚወደው ቃል ነበረ። ኤርምያስ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ብሎ መመኘቱን አልተወም፤ ቃሉን ግን በፍጻሜው እንዲፈተን አደረገው፤ ቃሉም ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ሥራ ያጣችን እናት ፈልጎ ደላላ መምጣቱ በከተማችን ያለ ራእይም የሚሆን ነገር ነው። ስለዚህ መምጣቱን ብቻውን ማረጋገጫ አያድርጉት። አንድ ራእይ ማሰብን፣ መጠየቅንና መመካከርን የሚያስተው ከሆነ ያ ብቻ እንዲጠነቀቁ ይበቃል፤ የእግዚአብሔር መንፈስ ሰውን አያጣድፍምና።

ወደ ውጭ ሄዶ መሥራት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ በዚህ መንገድ ቤተሰባቸውን ያቆሙ ብዙ እኅቶች አሉ፤ ብዙ የተጎዱም አሉ። የሚወሰነው በምልክት ሳይሆን በጥያቄ ነው። የሚልክዎ ሰው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ነው ወይስ በቃል ብቻ የሚያነጋግር ደላላ? የሚሄዱበት አገር ከኢትዮጵያ ጋር የሥራ ስምሪት ስምምነት አለው? የሥራ ውሉን አንብበውታል? በመንግሥትስ ጸድቋል? የሰባትና የአራት ዓመት ልጆችዎን በሌሉበት የሚያሳድገው ማን ነው? ያ ሰው ስሙ የሚታወቅና እሺ ያለ ነው ወይስ «ይገኛል» የተባለ? ባለቤትዎ በሙሉ ልብ ተስማምተዋል? የንስሐ አባትዎስ ምን ይላሉ? ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ካላገኙ በሩ አልተከፈተም ብለው ቢያስቡ አይሳሳቱም።

«ብቀር በሩን የዘጋሁ እሆናለሁ?» ላሉት በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 3 ጌታ የሚከፍት፣ ማንም የማይዘጋው መሆኑ ተነግሯል። እርሱ የከፈተው በር አንዲት እናት ስለ ልጆቿ ለመጠየቅ ጥቂት ሳምንታት ስለ ዘገየች አይዘጋም። «ዛሬ ካልወሰንሽ ያመልጥሻል» የሚልዎ ደላላው ነው። የእግዚአብሔር ፈቃድ አንዲት ቀጭን ክር ናት፣ ከሳትኋት አበቃልኝ የሚለው ፍርሃት አባትን የሚያውቅ ልጅ ፍርሃት አይደለም። በቅን ልብ መርምረው ቢቀሩ በመቅረትዎ ውስጥ፣ መርምረው ቢሄዱም በመሄድዎ ውስጥ አብሮዎት ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ፦

«የዛሬ ዓመት በሐምሌ ገብርኤል ዕለት፣ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ልጄ ሥራ ካገኘ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ልጄ እስካሁን ሥራ አላገኘም። አንዳንዱ ስለቱን አስቀድመህ አግባ፣ አንዳንዱም ስለትህ ስላነሰ ነው፣ ጨምርበት ይለኛል። ስለቱ ይያዝብኛል ወይ? ልጨምርስ?»

ጡረተኛ አባት፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር

መልስ፦

አባታችን፣ ስለትዎ በ«ካገኘ» ላይ የቆመ ስለሆነ ልጅዎ ሥራ ሳያገኝ ዕዳ ሆኖ አይታሰብብዎትም። መጽሐፈ መክብብ ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል የሚለው የደረሰለትን ሰው ነው። ጥላውን በፍቅር አስቀድመው ለመስጠት ከወደዱ ስጦታ ይሆናል እንጂ ማስያዣ አይሆንም፤ ይህን ለይተው ይወስኑ።

ጨምርበት የሚለውን ምክር ግን በፍጹም አይቀበሉት። እግዚአብሔር ዋጋ እስኪበቃው የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ድሀ ምን ተስፋ ይኖረው ነበር? በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈችው ሐና ልጅ ለምና ስትሳል ካህኑ ዔሊ በሰላም ሂጂ አላት። እርሷም ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ በኋላ አላዘነም ይላል መጽሐፉ። ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም ነበር፤ የጣውንቷም ስድብ አልቆመም። ልመናዋን ካቀረበች በኋላ ለእርሱ ትታ ነው የተነሣችው። እርስዎም ባለፈው ሐምሌ ያቀረቡት ልመና ተሰምቷል፤ በየወሩ በጨረታ መልክ ማሳደግ አያስፈልገውም።

ልጅዎ ስለቱን ያውቅ እንደሆነ አልጻፉልንም። ካወቀና ሥራ ሲያጣ የአባቱንም ስለት ያስቀረ እየመሰለው ከሆነ፣ ዛሬውኑ ጠርተው ጥላው የእርሱ ዕዳ እንዳልሆነ ይንገሩት። ከዚያ የቀረውን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይጨርሱ፤ ስለትን መለወጥም ሆነ ማዘግየት ቢያስፈልግ የመፍቀድ ሥልጣን ያላቸው እርሳቸው ናቸው።